የጓሮው አርባ ሰከንድ

የማጫወቻው አርባ አንደኛው እትም ደሴ የገባው በ2073 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንደ ወትሮው ማንንም አላስፈቀደም። ያፌት ጥላዬ ፒያሳ ያለችውን ክፍሉን ከፍቶ፣ የጠረጴዛውን አቧራ በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ኮምፒውተሩን ሲያበራ፣ ማጫወቻው ቀለሙን ቀይሮ ጠበቀው። ትናንት ሰማያዊ የነበረው ዛሬ የቆሎ ቀለም ሆኗል። መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ተጽፏል።

«ውድ ተመልካቾች፣ ከዛሬ ጀምሮ ማጫወቻዎ የሚያሰለችዎትን ሳይነግሩት ያውቃል፤ ቀድሞም ይዘልልዎታል። ውድ አሳታሚዎች፣ እስከ ዛሬ ማንም ሳያየው ሰባት ዓመት ያለፈው ክፍል ይከሳ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ዓመት ይበቃል። ሸክምዎን ስላቀለልንልዎ ደስ ብሎናል።»

ያፌት ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛውን ያነበበው ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፤ የዓይኑ ሞራ ፊደሎቹን ስላደበላለቀበት ነው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሥራውን ጀመረ። ሌላ ምን ያድርግ?

ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በጉብዝናው ዘመን ሠርግ ይቀርጽ ነበር። ከኩታበር እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ፣ ካሜራውን ተሸክሞ ያልገባበት ዳስ አልነበረም። አሁን ሠርግ የሚቀርጽ ሰው የለም። እንግዶቹ በዓይናቸው ያዩትን ማጫወቻው ይለቃቅምና ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ዘፈን ጨምሮ፣ ሙሽሮቹ ከመተኛታቸው በፊት ይልክላቸዋል። ያፌት ግን በመዝገብ ላይ አሁንም አሳታሚ ነው። የቀረጻቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሠርጎች በስሙ ተመዝግበዋል። ሥራው እነሱን ማየት ነው።

ማየት ሲባል ማየት ብቻ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀናቸው የተቃረበውን ክፍሎች ዝርዝር ያወጣል። የአንዱን ሙሽራ መኪና፣ የሌላዋን ኬክ ቆረሳ፣ የሦስተኛዋን የመልስ ጭፈራ በዓይኑ ያሳልፋል። የሰው ዓይን ያረፈበት ክፍል ዕድሜ ይጨመርለታል። ዓይን ከስክሪኑ ከሸሸ ወይም ክፍሉ ከተዘለለ ግን አይቆጠርም። ሲያንቀላፋ ማጫወቻው በለስላሳ የሴት ድምፅ ይቀሰቅሰዋል።

«ጋሽ ያፌት፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«እናመሰግናለን። ከሁለት ደቂቃ በፊት ካለው እንቀጥል።»

እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቷል። የትኛዋ አክስት በየትኛው ዘፈን መሃል እንደምትደናቀፍ፣ የትኛው ሚዜ ክራቫቱን ወጥ እንደሚነክር በቃሉ ያውቃል። ብዙዎቹ ሞተዋል። ጠዋት ጠዋት ሲያያቸው ይጨፍራሉ።

የከሳ ክፍል አይጠፋም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ቢጠፋ ኖሮ ሰው «ጠፋብኝ» ብሎ ያዝን ነበር። አንድ ሰው ሲከፍተው ማጫወቻው ከቀረችው ጥላ ተነስቶ ይሞላዋል። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ይስቃል፣ ቃል ይናገራል። ሙሌት ይሉታል። ሙሌቱን ከእውነተኛው የምትለይ ትንሽ ምልክት በቀኝ ጥግ ትታይ ነበር፤ በሠላሳ ስድስተኛው እትም «ተመልካችን ታውካለች» ተብላ ተነሳች።

የያፌት የእህቱ ልጅ ሜላት የዓይን ክሊኒክ ነርስ ናት። በየሳምንቱ ምሳ ይዛለት ትመጣለች፤ በየሳምንቱም አንድ ዓይነት ነገር ትላለች።

«አጎቴ፣ ሞራው ካልተነሳ ብርሃንህን ልታጣ ነው። ቀን አስይዤልሃለሁ። ሁለቱንም ባንድ ቀን ያወጡልሃል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በፋሻ ትቆያለህ፣ በቃ።»

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚከሳ ታውቂያለሽ?»

«እሱን አላውቅም። አንተ እንደከሳህ ግን አያለሁ።»

በዚህ ሳምንትም ይህንኑ ተባባሉ። እሷ ቀኑን ለጥቅምት ሃያ አራት አድርጋ ሄደች። እሱ የሦስት ዓመቱን ሕግ አስልቶ፣ ቀንና ሌሊት ቢቀመጥ እንኳ ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሠርጎች ሩቡን እንደማያዳርስ አወቀ። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ነበር።

ሂባ የመጣችው ሐሙስ ነው። ደረጃውን ስትወጣ እየቆመች ትንፋሽ ስትሰበስብ ይሰማው ነበር። ስልሳ ያለፋት፣ ግራጫ ሻሽ የጠመጠመች፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ፣

«ሠርግ ቀራጩ ጋሽ ያፌት እርስዎ ነዎት?» አለች።

«ነበርኩ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ሂባ እባላለሁ። ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት። አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «በአርባ ዘጠኝ ዓ.ም. እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የኤልዳናን ሠርግ ቀርጸዋል። የሙሽራዋ ቤትና የእናቴ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ለእስላም እንግዶች ለብቻ የሚሠራውን ወጥ በጓሮ በኩል የሠራችው እናቴ ነበረች። ሸምሲያ ትባላለች።»

ያፌት ስሙን አላወቀውም።

«ያን ጊዜ እኔና እናቴ ከተኳረፍን አራት ዓመታችን ነበር። ያገባሁትን ሰው አልወደደችውም፤ እኔም ነገሩን አክርሬ ወጣሁ። ሠርጉ ያለፈ ሰሞን አንዲት ጎረቤት ደወለችና 'እናትሽ ካሜራው ፊት ስምሽን ጠርታ ተናግራለች፣ ቪዲዮውን እዪው' አለችኝ። እልህ ያዘኝ። የምትለኝ ካለ ስልኬን ታውቀዋለች አልኩና ሳልከፍተው ቀረሁ። በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ከዚያ ወዲህማ እንዴት ብዬ ልክፈተው?» ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ዘንድሮ እናቴ በሞተችበት ዕድሜ ላይ ደረስኩ። ከፈትኩት።»

«ምን አሉ?»

«'ሂባ ልጄ፣ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። አላህ ይጠብቅሽ፣ ልጆችሽንም ያሳድግልሽ' አለች። ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ባነንኩ።» ሂባ ቀና ብላ አየችው። «ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝም፣ ጋሽ ያፌት። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እናቴ በሞተች በዓመቷ ነው። ልጆቼን የሚያውቃቸው ማጫወቻው ነው። ደግሞስ እናቴ መች ምርቃት ታውቅና! ስትወድ የምትቆጣ ሴት ነበረች።»

ወንድሟ አይመን በእናታቸው ቤት ይኖራል። እሱም ከፍቶት ነበር። ለእሱ እናቱ «አይመን፣ ያልከዳኸኝ አንተ ብቻ ነህ» አለችው። ወንድምና እህት ከለቅሶው ወዲህ የተነጋገሩት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ያውም በስልክ፣ ያውም በጩኸት።

ያፌት ሠርጉን አወጣው። ሰዓቱን እሷ ነገረችው፤ ከሙሽራው መምጣት በኋላ፣ የጓሮው ክፍል፣ አርባ ሰከንድ። ስክሪኑ ላይ ጭስ ታየ፣ ከጭሱ ውስጥ ቀጭን ረጅም ሴት በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ካሜራው ዞረች። ፈገግ አለች።

«ያፌት፣ ኧረ እህል ቅመስ» አለች ሴትየዋ። «ደክሞሃል እኮ። አረፍ በል።»

ያፌት አጠፋው። በዚያ ሳምንት ስለ ምግቡና ስለ ድካሙ ያነሳችበት ሜላት ብቻ ነበረች።

«ለእርስዎም አወቀልዎ» አለች ሂባ በቀስታ።

ለአሳታሚ ብቻ የሚከፈት መዝገብ አለ። የትኛው ክፍል መቼ እንደታየ፣ በማን፣ ለስንት ሰከንድ ይጽፋል። ያፌት አጉሊ መነጽሩን አንስቶ ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ አነበበ። የጓሮው ክፍል ከሠርጉ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ማን እንዳየው የሚለው ቦታ ተሰርዟል። ከዚያ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ማንም አላየውም። ከመክሳቱ አሥር ቀን በፊት አንድ መስመር አለ፦ «መስከረም 9 ቀን 2057። አሳታሚው ክፍሉን ከፍቶ ለሦስት ሰከንድ ካየ በኋላ ዘሎታል።»

መነጽሩን አስቀመጠ።

«በእኔ ነው የጠፋው» አላት። «ቀኑ ሲደርስ ከፍቼው ነበር። ዘለልኩት።»

«ለምን?»

«ለምንም አይደለም። ጓሮ ነዋ። ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች ናቸው ብዬ። ሙሽሮቹን ለማትረፍ ስሮጥ ጓሮ ጓሮውን እዘለው ነበር። በሁሉም ሠርግ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።»

ሂባ አልጮኸችም። ብትጮህበት ይመርጥ ነበር።

«ሲቀርጹ ግን ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ ነበር አይደል?» አለች በመጨረሻ። «በጆሮዎ ሰምተዋታል።»

«ሰምቻለሁ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ያስቡ። እኔ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ።» ስልኳን ጽፋለት፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች።

ያፌት አሰበ። ሐሙስ ከሰዓቱን ሙሉ፣ ማጫወቻውን አጥፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ጭሱ ትዝ አለው። እርጥብ እንጨት ነበር፣ ዓይኑን አስለቅሶታል። ባትሪው እያለቀ እንደነበረም ትዝ አለው። ሴትየዋ አፏን ስትከፍት ግን የሚመጣለት ቃል በየጊዜው ይለያያል። አንዴ ትባርካለች፣ አንዴ ትራገማለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩ ገባው፤ ጭንቅላቱም እየሞላ ነው። ከሦስት ሰከንድ በላይ ያላየውን ሰው ከየት ያመጣዋል?

አርብ ጠዋት አይመን ደወለ።

«ጋሽ ያፌት፣ አንተ ይበሉኝ፣ ታናሽዎ ነኝ» ሲል ጀመረ። ድምፁ ትሑት ነው፤ ግን የቸኮለ። «እህቴ መጥታ እንደነበር ሰምቻለሁ። አሳታሚ ማኅተም አለው አሉ። አሳታሚ 'ይሄ ነው የተቀረጸው' ብሎ ካተመበት በየሰዉ ቤት ያው ብቻ ነው የሚታየው።»

«ልክ ነህ።»

«እንግዲያው የእኔን ያትሙልኝ። እስከ መጨረሻዋ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እሷ ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀምጣ፣ ያውም ከጎረቤት ጋር ተቀምጣ ሄደች። እኔ ሽንት ቤት እያዘልኩ አመላልሻታለሁ። ይህቺን አንዲት ቃል ቢያተርፉልኝ ምን አለበት?»

«ቃሉ የእሳቸው አይደለማ፣ አይመን።»

«ባይሆንስ? ልትለኝ ይገባት ነበር!»

ያፌት ይህን ያህል ዓመት ሲያይ፣ ከስክሪኑ ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቆ አያውቅም ነበር። የአይመንን ቢያትምለት አንድ ሰው ያርፋል። የሂባን ቢያትምላት፣ ብትባንንም፣ ውሎ አድሮ ታምነዋለች፤ ሰው የሚያምነው ደጋግሞ ያየውን ነው። ማንም አይከሰውም። ማስታወቂያው ራሱ «በማኅተምዎ ቤተሰብ ያስደስቱ» ይላል።

ያን ቀን ቀናቸው የደረሰውን ክፍሎች አላያቸውም። በምትኩ የኮምፒውተሩን ካሜራ ወደ ራሱ አዞረ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ የኤልዳናን ሠርግ የጓሮ ክፍል ከፍቶ «በአሳታሚ ምስክርነት ተካ» የሚለውን ነካ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ነክቶት አያውቅም። ብርሃኑ በራ፤ ማንበብ ስላቃተው የጻፈውን ትቶ በቃሉ ተናገረ።

«ያፌት ጥላዬ እባላለሁ፤ ይህን ሠርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቦታ ላይ ወይዘሮ ሸምሲያ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ። ለእንግዶች ወጥ ይሠሩ ነበር። ወደ ካሜራው ዞረው የልጃቸውን የሂባን ስም ጠርተው አንድ ነገር ተናግረዋል። ቃላቸውን ማቆየት የእኔ ሥራ ነበር፤ ዘለልኩት። አሁን ምን እንዳሉ አላውቅም። ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ያያችሁት ሁሉ የእሳቸው ቃል አይደለም። ይቅርታ።»

ማጫወቻው ወዲያው መለሰ። «ጋሽ ያፌት፣ ይህ ክፍል ከሠርጉ ስሜት ጋር አይጣጣምም። የተሻለ ልሙላልዎ?»

«አይሆንም።»

«ተመልካቾች ሊዘልሉት ይችላሉ።»

«ይዝለሉት» አለና አተመበት።

ቅዳሜ ለሂባ ደወለላት። ያደረገውን ነገራት። «አልመጣልኝም» አላት። «ልዋሽሽ እችል ነበር።» ሳያስበው አንቺ ብሏታል። እሷም አልታዘበችውም።

«ገባኝ» አለች። ስልኩ ግን ቶሎ አልተዘጋም። በጀርባዋ የኮምቦልቻ መኪኖች ይሰሙ ነበር።

ሰኞ ገና በሩን ሳይከፍት ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፣ የሚያውቀው አይመስልም፣ የተቆጣ።

«አቶ ያፌት? ኤልዳና ነኝ፣ ከሰመራ። ማጫወቻዬ 'ሠርግዎ ተሻሽሏል' አለኝ። ሃያ አራት ዓመት ካለፈው በኋላ ምኑ ነው የሚሻሻለው ብዬ ብከፍት ከሠርጌ መሃል አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል! ምን ማለት ነው?»

ያፌት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳት። እሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

«የእማማ ሸምሲያን?» አለች። «እሱን እኮ አውቀዋለሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ባሌ አፍዴራ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። በዚያ ሙቀት ቤት ተዘግቶብኝ፣ ሰው ሳላውቅ፣ ያንን ቪዲዮ ቀን በቀን አየው ነበር። ሙሽራዋን አይደለም፤ ራሴን ምን አየዋለሁ። የሰፈሬን ሰው ነበር የማየው። ጓሮውን። ቃል በቃል ልንገርዎት...»

«ቆዪ!» አላት ያፌት፤ እጁን ዘረጋ፣ ፊቱ የቆመች ይመስል። «ለእኔ እንዳትነግሪኝ። በእግዚአብሔር። ቀድማ መስማት ያለባት ሌላ ሰው ናት።»

ሂባ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። በዚህ ጊዜ ደረጃው ላይ አልቆመችም መሰል፤ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነው የገባችው። ያፌት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በጠፋው ስክሪን ፊት አስቀመጠና ለኤልዳና ደወለላት። ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ተጠያየቁ። የኤልዳና እናት ማለፋቸውን ሂባ አልሰማችም ነበር፤ «አላህ ያጽናሽ» አለቻት። ያፌት ይውጣ ወይስ ይቀመጥ ግራ ገባው። ሂባ በዓይኗ ተቀመጥ አለችው።

«እንግዲህ ንገሪኝ» አለች ከዚያ።

«እናትሽ ሽንኩርት ይዛ ነበር» አለች ኤልዳና። «አንዷ ሴት 'ሸምሲያ፣ እየቀረጹሽ ነው' አለቻት። ዞር አለች። አልሳቀችም። ቢላዋውን ወደ ካሜራው ቀሰረችና 'ሂባ' አለች። 'ይኼ ነገር ለሰፈር ሁሉ ይላካል አሉ። ካየሽው ሙቀጫዬን መልሺልኝ። በሰው እንዳትልኪው። ራስሽ ተሸክመሽ ነይ።' በቃ። ተመልሳ ሽንኩርቷን።»

ሂባ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ሂባ። የአስተማሪ ድምፅ ነበር፣ ግን ተሰንጥቋል። «ማጫወቻው ሞልቶልሽ እንዳይሆን?»

«ያኔ ሙሌት የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ለባሌ ነግሬው በሳቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አባባል ሆነ። ስንጣላ፣ ከአፍዴራ በሰው ዕቃ ሲልክልኝ፣ 'ሙቀጫዬን በሰው እንዳትልክ' እለዋለሁ። ልጆቼ ዛሬም ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ አያውቁም።»

ሂባ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣ ቀረች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያፌት መጀመሪያ ልቅሶ መሰለው፣ ቀጥሎ ሳቅ መሰለው፣ በመጨረሻ መለየቱን ተወው።

«የወይራ ሙቀጫ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ከቤት የወጣሁ ዕለት በእልህ ይዤው ሄድኩ። ለአንቺ ነው ትለኝ ነበር፣ ስታገቢ ትወስጂዋለሽ እያለች። ሳገባ ስላልሰጠችኝ ራሴ ወሰድኩት። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ 'ሬሳ ነው ወይ?' ብሎኛል፣ ከክብደቱ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እሷ!... ይቅር ብዬሻለሁ ከምትል ብትሞት ይሻላታል። እሷ ናት።»

ያፌት ለመነሳት ሲል፣ «እዚያ ላይ ልጨምረው?» አላት። «የኤልዳናን ቃል። አትሜበት፣ ሁሉም ሰው...»

«አይጨምሩት» አለች ሂባ። «ለእኔ የተላከ ነው። ደርሶኛል። የእርስዎ ይቅርታ ይቀመጥ።»

ኤልዳናና ሂባ ከዚያ በኋላም ብዙ አወሩ። ስለ እማማ ሸምሲያ ቁጣ፣ ስለ ቧንቧ ውሃ ክረምት፣ በአጥር ላይ ስለሚቀባበሉት የእሳት ፍም። ያፌት ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያዳምጥ ነበር። ሲያወሩላት የሰማትን ሴት ሙሉ ሰው አድርጎ አያት፤ ካሜራ ይዞ ፊቷ ቆሞ ግን አላያትም ነበር።

ጥቅምት ሃያ አራት ሜላት በጠዋት መጥታ ወሰደችው። ዝርዝሩ ላይ ቀናቸው የደረሰ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ክፍሎች ነበሩ። ከመሄዱ በፊት በነበሩት ቀናት የቻለውን አየ፤ ሙሽሮቹን ትቶ ጓሮ ጓሮውን፣ ውሃ የሚቀዱትን፣ ድንኳን የሚተክሉትን፣ በር ላይ ቆመው ጫማ የሚጠብቁትን። ብዙውን አላዳረሰም። ኮምፒውተሩን ሲያጠፋ «ጋሽ ያፌት፣ 1,211 ክፍሎች ይቀርዎታል» አለው። ሶኬቱን ነቀለ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ሜላት ቤት ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ሜላት አንስታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። አይመን ነው።

«ጋሽ ያፌት፣ ምን አሏት?»

«ማንን?»

«ሂባን ነዋ! ስንት ዓመት ደጄን ያልረገጠች ሴት ከኮምቦልቻ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሙቀጫ ተሸክማ! በዚህ ዕድሜዋ፣ ያንን የሚያህል ግንድ! ላግዝሽ ብዬ እጄን ብዘረጋ 'አትንካው' አለችኝ። ምን ላድርግ?»

ከስልኩ ወዲያ፣ ራቅ ብሎ፣ የሚያለከልክ የሴት ትንፋሽ ይሰማል።

«ታዲያ አትንካባት» አለ ያፌት። «በሩን ብቻ ወለል አድርገህ ክፈትላት።»